ከሰሊጥ መኽዘን የተላከ ትምህርት

ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ፣ ሙዳሲር የሚባል የጎንደር ሰው መኽዘን አለው። መኽዘን የሚሉት መጋዘኑን ነው፤ እዚያ የከረመ ሐበሻ መጋዘን ማለቱን ይረሳዋል። ሙዳሲር ጢሙ ገዳሪፍ ላይ በቅሎ ገዳሪፍ ላይ የሸበተ ነጋዴ ነው። አሁን የመኽዘኑን ግማሽ ለሰሊጥ ጆንያ አስቀርቶ ግማሹን ለልጆች ለቆላቸዋል። ይህን ያደረገው በደግነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጎንደር ያሉት አያት በስልክ ሰላም ሲሉት፣ ሉጥፊ የሚባለው የገዛ ልጁ አማርኛ ጠፍቶበት ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጦ ሲሸሽ በዓይኑ አይቶ ደንግጦ ነው። በዚያ ላይ የከተማው ትምህርት ቤቶች ከካርቱም ጦርነት ሸሽቶ በመጣ ሰው ተሞልተው፣ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ጎዳና ለጎዳና ይውሉ ጀመር። ሙዳሲርም መምህር ፍለጋ ወጣ፤ ያገኛት ግን ሩቅ አልነበረችም። እዚያው መኽዘኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ የራሱን ሰሊጥ ታበጥር ነበር።

ሸጊቱ ትባላለች። ሳንጃ አጠገብ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበረች። ባሏ ዓለምነው እንደ አገሩ ወንድ ሁሉ በየክረምቱ ወደ ሱዳን እርሻ ይወርዳል፤ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ኪሱ ሞላም ባዶ ሆነም ይመለሳል። አንድ ዓመት ግን በመመለስ ፈንታ እዚያው ሱዳን መፋዛ ላይ ታሟል የሚል መልእክት መጣ። ሸጊቱ ልጇን ውዴን ለእናቷ ለወይዘሮ እናትነሽ አስታቅፋ፣ «ለመስቀል እመጣለሁ» ብላ ወጣች። ውዴ ያን ጊዜ ጡት የተወች፣ ዶሮ እያባረረች የምትስቅ፣ ገና ቃል የምትለቅም ልጅ ነበረች። እናቷ ስትወጣ አላለቀሰችም። ዶሮዋ ላይ ነበረች።

ዓለምነውን በሕይወት ደረሰችበት። ውኃ አጠጣችው፣ አገላበጠችው፣ አብራው ሰነበተች፤ ከዚያ ሞተ። የእርሻ ጓደኞቹ ራሃድ ወንዝ ዳር ቀበሩት። እርሟን ሳታወጣ ዝናቡ ገባና ጥቁሩ የመረሬ ጭቃ መኪና መዋጥ ጀመረ። ጭቃው ሲደርቅ አገር ቤት ተኩስ ተነሣ። ተኩሱ ሲበርድ ደግሞ በየመንገዱ ሰው ማገት መጣ። እናቷም፣ ልጅሽ ደኅና ናት፣ አንቺን መንገድ ላይ ወስደው ደግሞ እንዳታስለቅሽኝ፣ ባለሽበት ቆይ እያሉ ላኩባት። ሸጊቱ እንዲህ ዛሬ ነገ ስትል መስቀል መጥቶ ሄደ፤ ሌላም መስቀል መጥቶ ሄደ። መስቀል ምን ያድርግ፤ እሱ በቀኑ ይመጣል።

እውነቱን ለመናገር፣ ሸጊቱን ያሳመማት የመንገዱ መዘጋት ብቻ አልነበረም። ወይዘሮ እናትነሽ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥተው የደወሉላት አንድ ቀን ነበር። ስልኩን ለልጅቱ ሰጥተው፣ በይ እማን አናግሪያት ሲሏት፣ ሸጊቱ የሰማችው የአንዲት ቀጭን ድምፅ መገረም ነው፤ «እማ አንቺ ነሽ እኮ» አለች ውዴ ለአያቷ። ከዚያ ወዲያ ዝም። ነፋሱ ይሰማል፣ የአሮጊቷ ልመና ይሰማል፣ ልጅቱ ግን የለችም። በሌላም ቀን፣ ከዚያም በኋላ፣ ስልክ በተደወለ ቁጥር ውዴ ከንፈሯን ገጥማ ትቆማለች። ሸጊቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዓለም ላይ የምትመኘው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ይህቺ ልጅ ለእሷ ብላ አንድ ቃል እንድትናገር። ሰው ስንት ነገር ይመኛል። የእሷ ይኸው ነበር።

እንግዲህ ሙዳሲር አስተምሪልኝ ሲላት እሺ ያለችው ወዲያው አይደለም። የሰው ልጅ ፊት ቆማ ሀ ሁ ማለት አንጀቷን እንደሚበላው ታውቃለች። የሙዳሲር ሚስት ባሕሪያ ግን ሰሊጥ ስታበጥር አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። ከእሷ ጋር እያበጠረች ቆየችና፣ ልጆቹን ዝም ብለሽ እያቸው፣ ካልቻልሽ ትተሽ ውጪ አለቻት። ሸጊቱ ልታያቸው ገባች፤ በዚያው ቀረች።

ክፍሉ ክፍል አይመስልም። ልጆቹ ባዶ ጆንያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰሌዳው ጥቁር የተቀባ የበር ሳንቃ ነው፤ የሰሊጡ አቧራ አፍንጫ እየገባ ትምህርቱን በማስነጠስ ያቋርጠዋል። የነጋዴ ልጆች አሉ፣ የቀን ሠራተኛ ልጆች አሉ፤ ሉጥፊና ናጂያ፣ ዳሊያ የምትባል ጥያቄ የማያልቅባት ልጅም አለች። የሚማሩት የትም አገር ያለ የአንደኛ ክፍል ልጅ የሚማረውን ነው። ፊደል ይቆጥራሉ፣ በማሽላ ፍሬ ይደምራሉ፣ የሰውነት ክፍሎችን እየነኩ ይዘምራሉ፣ የሳምንቱን ቀኖች ይደረድራሉ። አማርኛው ሲያልቅባቸው ዐረብኛ ይጨምሩበታል። ሸጊቱን የሚጠሯትም እንደ ሱዳን ልጆች፣ መምህርት ለማለት «ኡስታዛ» እያሉ ነው፤ ስሟን የሚያውቅ ያለም አይመስላት።

ሸጊቱ አንድ የቆየ የሥራ ልማድ ነበራት። ከልጆች ፊት ለፊት ቆማ «ቀኝ እጃችሁን» ስትል እሷ የምታነሣው ግራዋን ነው። ልጅ የሚሰማውን ትቶ የሚያየውን ነዋ የሚከተል፤ መምህር ቀኙን ካነሣ ልጁ በዚያው በኩል ያለውን የራሱን ግራ ያነሣል። ይህን ያስተማራት ማሠልጠኛው አይደለም። ሥራ በጀመረች ሰሞን «ቀኝ ጆሯችሁን ያዙ» ብላ የራሷን ቀኝ ጆሮ ስትይዝ፣ ክፍሉ በሙሉ ግራ ጆሮውን ይዞ ሲያፈጥባት ነው የገባት። ከዚያ ወዲህ ልጆች ፊት ስትቆም ግራዋ ቀኝ፣ ቀኟ ግራ ሆኖ ይኖራል።

ብዙም ሳይቆይ የውዴ ቀበሌ ትምህርት ቤት ተዘጋ የሚል ወሬ መጣ። እንደገና በተነሣው ተኩስ ምክንያት መምህራኑ ተበትነዋል፤ ልጆቹ ቤት ውለዋል። ወሬውን ያመጣው አስናቀው ነው። አስናቀው የአገሯ ልጅ፣ የእርሻ ሠራተኛ፣ በአብደራፊ በኩል ጠረፉን እንደ ሰፈር ቦይ የሚሻገር ሰው ነው። ሰው የማይሄድበትን መንገድ እንዴት ትሄዳለህ ሲሉት፣ እኔን አግቶ ማን ምን ያገኛል ብሎ ይስቃል። ሸጊቱ ወሬውን ሰምታ ቁጭ አለች። ልጇ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው፤ የፊደል ዕድሜዋ ነው። እናቷ የሰው ልጅ ታስተምራለች፣ እሷ ግን ዶሮ ታባርራለች። ሆድ ባሳት። ከዚያ ግን አስናቀው በወገቡ ባንጠለጠላት ትንሽ ሬዲዮ ላይ ዓይኗ አረፈ። ያቺ ሚሞሪ ካርድ ስታጎርሷት ዘፈን የምትለቅ ሬዲዮ፣ የእርሻ ሠራተኛ ሁሉ የሚይዛት ናት። እናቷም ቤት አንድ አለች፤ ዓለምነው ገዝቶላቸው ነበር።

በማግስቱ ትምህርት ስትጀምር ስልኳን ከሰሊጥ ጆንያ ላይ አስቀምጣ መቅጃውን ከፈተች። የምትለውን ሁሉ፣ ልጆቹ የሚመልሱትን ሁሉ፣ ማስነጠሱን ሳይቀር ቀዳችው። አስናቀው ሲመለስ ሚሞሪዋን ይዞላት ሄደ። ለራሷም ሕግ አወጣች፤ በትምህርቱ መካከል የልጇን ስም አትጠራም፣ አታባብልም፣ አታለቅስም። ስልክ ላይ ባባበለቻት ቁጥር ልጅቱ ስትሸሽ አይታለችና። ውዴ እንደ ማንኛዋም ተማሪ ትስማ፤ ሌላው ይቆይ።

አስናቀው መጣና ጉዱን ነገራት። ልጅቱ ሬዲዮዋን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቷ ትቀመጣለች፤ ሸጊቱ ስትጠይቅ ከገዳሪፍ ልጆች ጋር እኩል ትመልሳለች፤ እንዲያውም ሉጥፊ ሲሳሳት ትቆጣዋለች። የጎረቤት ልጆችም ይመጡ ጀምረዋል። ሸጊቱ ይህን ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ ያ ሳቅ ምን ያህል ጊዜ እንደጠፋባት ባሕሪያ ታውቃለች። አስናቀው ደግሞ በስልኩ የቀዳውን ከፈተላት። ያቺው ቀጭን ድምፅ ነበረች፣ አሁን ግን ሳትፈራ፣ ክፍል ውስጥ እንደቆመች ጮክ ብላ፤ «ደኅና አደርሽ ኡስታዛ።»

ሸጊቱ የተመኘችውን አገኘች። ልጇ ተናገረቻት። ግን አንዳንድ ጊዜ የሚመጣው ነገር የጠሩትን ያህል ሆኖ አይመጣም። ውዴ ሌሎቹ ልጆች የሚሉትን ሰምታ፣ እንደ እነሱ ኡስታዛ አለቻት። አስናቀው ምነው፣ ጥሩ አይደል እንዴ ሲላት፣ ጥሩ ነው አለችው። እውነትም ጥሩ ነበር። ቤቷ ገብታ ደጋግማ ሰማችው፤ በሰማችው ቁጥር ደስ ይላታል፣ በሰማችው ቁጥር አንድ ነገር ያማታል።

የአቅጣጫ ትምህርት የመጣው በአካባቢ ሳይንስ ነው። ሸጊቱ ልጆቹን በጠዋት ወደ ግቢው አወጣቻቸው። ትምህርቱን ሳንጃ ሳለች ዓይኗን ጨፍና ታስተምረው ነበር፤ ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሩ፣ ከፊታችሁ ምሥራቅ፣ ከኋላችሁ ምዕራብ፣ ቀኝ እጃችሁ ደቡብ፣ ግራችሁ ሰሜን። እዚህ ግን ገና «ዙሩ» ስትል ነገሩ ተበላሸ። የክርስቲያኖቹ ልጆች ቤተ ክርስቲያን እንደለመዱት ፀሐይዋን ቀጥ ብለው አዩ። ሉጥፊና ናጂያ ግን ዙሩ የተባለ ሰው የሚዞረው ወደ ቂብላ ነው ብለው፣ ከገዳሪፍ ወደ መካ በሚያሳየው በሰሜን ምሥራቅ ሰልፍ ይዘው ቆሙ። ዳሊያ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትከተል ቸግሯት መካከል ላይ ቀረች። ሸጊቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ለጸሎት አይደለም፣ ለትምህርት ነው አለቻቸውና አንድ በአንድ ትከሻቸውን ይዛ አስተካከለቻቸው። ሉጥፊ ፀሐይዋን እያየ ሸርግ አለ በዐረብኛ፤ ምሥራቅ በል አለችው፤ ምሥራቅ አለ።

እሷ እንደ ልማዷ ከፊታቸው ቆማለች። ልጆቹ ፀሐይዋን ሲያዩ እሷ እነሱን ታያለች፤ ቀኝ ስትል ግራዋን ታነሣለች። ሥራው ሁሉ እንደ ጥንቱ ሄደ። ያኔ ነው ዳሊያ እጇን ያወጣች።

«ኡስታዛ፣ ያቺ ልጅሽ የት ናት? በምሥራቅ ናት ወይስ በምዕራብ?»

ሸጊቱ ልጅ እንዳላት ክፍሉ ሁሉ ያውቃል፤ ልጆች የማያውቁት ነገር የለም። ግን ጠይቋት የሚያውቅ አልነበረም። ልትመልስ አፏን ከፈተችና ጣቷን የምትቀስርበት አጣች። ልጆቹ ፊት ስለቆመች አገሯ፣ ቤቷ፣ ልጇ ሁሉም ከጀርባዋ ነው። ምን ያህል ጠዋት እንዲህ ሆና እንደቆመች ያን ጊዜ ገባት። ከዚያ ራሷን ሳትቆጣጠር፣ «ልጄ ከኋላዬ ናት» አለች። «ፀሐይ ከምትወጣበት በኩል። እኔ ሁልጊዜ ጀርባዬን ሰጥቻት ነው የምቆመው።» ከዚህ በኋላ ምን እንዳለች አታስታውስም። ልጆቹን ወደ ውስጥ አስገብታ መዝሙር አዘመረቻቸው።

ስልኩ ጆንያው ላይ እንዳልነበር የታወቃት ማታ ነው። አስናቀው ከሰዓት በኋላ ለመንገድ ሲቸኩል ሚሞሪዋን ስጪኝ ብሏት፣ ሳታዳምጥ አውጥታ ሰጥታዋለች። ለካ በጠዋት ስልኩን ይዛ ነበር ወደ ግቢው የወጣች፤ መቅጃውም ክፍት ነበር። ወደ አስናቀው ደወለች፤ ጠረፉን ተሻግሮ ኖሯል፣ ስልኩ አይሠራም።

ያ ሰሞን ለሸጊቱ የእሳት ሰሞን ነበር። ልጅ የሰማውን እንዳለ ይወስዳል፤ ጀርባዬን ሰጥቻት ቆሜያለሁ የምትል እናት ምን ትባላለች? በአያቷ ጉያ ያደገች፣ እናቷን በድምፅ ብቻ የምታውቅ ልጅ ይህን ሰምታ ሬዲዮዋን ብትዘጋስ? እንደገና ከንፈሯን ብትገጥምስ? ኡስታዛ መባሉ እንኳ የሚቀርባት መሰላት። ቀደም ብሎ ቅር ያላትን ያን ስም አሁን እንደ ሀብት ሰሰተችለት። ባሕሪያ ልታጽናናት፣ ልጅ ይረሳል አለቻት። ሸጊቱ ግን የምትፈራው ያንኑ ነበር።

አስናቀው ለሰሊጥ አጨዳ ተመልሶ መጣ። ሸጊቱ ልጆቹን ወደ ቤታቸው ልትሸኝ በር ላይ ሳለች ከሩቅ አየችው። እሱ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ ይህቺ ልጅሽ ድምፅዋን እስክቀዳላት አላስቀምጥ አለችኝ ብሎ ስልኩን ሰጣት። ሸጊቱ መኽዘኑ ውስጥ ገብታ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ከፈተችው። መጀመሪያ ዶሮ ተሰማ። ከዚያ ውዴ።

«ደኅና አደርሽ ኡስታዛ። ፊቴን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጌ ቆምኩ። እማ ግን አንቺ በፀሐይ መግቢያ በኩል ነሽ አለችኝ። እንዲያ ከሆነ ከኋላዬ ነሻ። ከኋላዬ ስትሆኚ አላይሽም፤ ስለዚህ ዞርኩ። ስዞር ግን ቀኝ እጄ ደቡብ አልሆነም፣ ሰሜን ሆነብኝ። ሌሎቹ ልጆች ተሳሳትሽ ይሉኛል። አንቺም ወደ እኔ ዙሪና አይተሽ ንገሪኝ፤ ተሳስቻለሁ?»

ከኋላ የወይዘሮ እናትነሽ ድምፅ ተሰማ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐዩን በጀርባዋ እየተመታች እንዲያ ቆማ ነው የምትማር፣ ዙሪ ብላት እንቢ አለች ይላሉ። ከዚያ ቅጂው አለቀ።

ሸጊቱ ያን ዕለት አላለቀሰችም አልላችሁም። አልቅሳለች፤ ባሕሪያም መጥታ አብራት አልቅሳ፣ ለምን እንደሚያለቅሱ በኋላ ነው የጠየቀቻት። ልጅቱ እማ አላለቻትም። አሁንም እማ የአያቷ ስም ነው፤ ምናልባትም እንደዚያው ይቀራል። ግን ያቺ ልጅ፣ መልኳን የማታውቀውን ሰው ፊት ለፊት ለማየት ብላ የገዛ መምህሯን ትእዛዝ አፍርሳ ዞራለች።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን እንደገና ወደ ግቢው አወጣቻቸው። አንዲት ተማሪ ከሩቅ አገር ጥያቄ ልካለች፣ መልሱን አብረን እንፈልግ አለቻቸው። ዛሬ ግን ቦታ ቀየረች። ልጆቹን ፀሐይዋን በጀርባቸው እንዲያደርጉ አቆመቻቸው፤ ልክ እንደ ውዴ። እሷ ሄዳ በምዕራብ በኩል፣ ፊቷን ወደ እነሱ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጋ ቆመች። ፀሐይዋ ዓይኗን ወጋቻት፤ ሳንጃ ከልጆቹ ራስ በላይ ያ ሁሉ ብርሃን ያለበት ነው። ሉጥፊ ቀኙን አንሥቶ ትንሽ አሰበና፣ ሰሜን ነው፣ ልጅቱ ልክ ናት አለ። ናጂያም ልክ ናት አለች። ዳሊያ ብቻ፣ ታዲያ ኡስታዛ ለምን ታለቅሳለች ብላ ጠየቀች፤ ፀሐይ ናት አሏት።

ሸጊቱ በቀኝ እጇ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። የገዛ ሕጓን አፈረሰች፤ የልጇን ስም ጠራች።

«ውዴ፣ ልክ ነሽ። ቀኝሽ ሰሜን ነው። እኔም ወደ አንቺ ዞሬያለሁ። በይ አሁን ሰሜን ያለውን እጅሽን አንሺ፤ እኔም በሰሜን በኩል ያለውን አነሣለሁ።»

ልጆቹ ሁሉ ቀኛቸውን አነሡ። ሸጊቱ እንደ ልማዷ ግራዋን አነሣች። ትምህርቱ አልቆ ልጆቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ መቅጃውን በቀኝ አውራ ጣቷ ዘጋችው፤ ግራ እጇን ግን ገና አላወረደችውም ነበር።